የዘንድሮ ልጅ እና ዜሮ ዓመት

በአርሲዋ ከተማ በአሰላ የሥራ ማስታወቂያ በሁለት ቦታ ይነበባል። አንደኛው በመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው፤ የሥራ መደብ፣ ተፈላጊ ችሎታ፣ የሥራ ልምድ፣ ብዛት፣ ደመወዝ እያለ በሠንጠረዥ ይወርዳል። ሁለተኛው በካፌና በሱቅ መስታወት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ነው፦ «አስተናጋጅ፣ ሴት፣ ከ18 እስከ 25 ዓመት»፤ «ካሸር፣ ተያዥ ማቅረብ የምትችል»። የመጀመሪያው ወጣቱን ልምድ የለህም ብሎ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ወጣት በመሆኑ ይፈልገዋል፤ ወጣት በመሆኑ ደግሞ ስለማያምነው ተያዥ አምጣ ይለዋል። ሁለቱም አመልካቹን ሳያዩት ፈርደውበታል።

ምክንያቱ በወረቀቱ ላይ አይጻፍም፤ ቡና ላይ ነው የሚነገረው። ሁለት ሰው የሚቀጥር ባለሱቅም፣ የመሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊም፣ ኮምባይነር አሰማርቶ ረዳት የሚፈልግ ባለሀብትም ስለ «የዘንድሮ ልጅ» ሲያወሩ ክሳቸው ይመሳሰላል። ሥራ ይንቃል፤ አይቆይም፤ ዲግሪ ይዟል እንጂ አያውቅም፤ ስልኩን አይለቅም። የመጨረሻውን ልተወው፤ ስልኩን የሚለቅ ቀጣሪም አላየሁም። የቀሩት ሦስቱ ግን ቁም ነገር ናቸው፤ አንድ በአንድ ቢታዩ አይከፋም።

በቅድሚያ ግን ጥርጣሬው ራሱ ዘንድሮ አለመወለዱን እናስታውስ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የተባለው ቲክቶክ ሳይኖር፣ ጭላሎ ተራራ ግርጌ የኤሌክትሪክ መብራት ሳይበራ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ጆን ፕሮትዝኮ እና ጆናታን ስኩለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካውያን ላይ ባደረጉት ጥናት አንድ የሚያስቅ ነገር አግኝተዋል። ብዙ የሚያነብ ሰው «የዛሬ ልጆች ማንበብ አይወዱም» ይላል፤ ሥልጣን የሚያከብር ሰው «የዛሬ ልጆች ታላቅ አያከብሩም» ይላል። ሰው በበረታበት በዚያው ነገር ልጆቹን ደካማ አድርጎ ያያቸዋል፤ ዛሬ ያለው ጥንካሬ በልጅነቱም የነበረው ይመስለዋልና። ሠላሳ ዓመት በአንድ ወንበር የቆየ የሒሳብ ሹም ወጣቱን «አይቆይም» ብሎ የሚከሰውም ምናልባት በዚሁ መንገድ ነው።

በሥልጠና አዳራሾች ደግሞ ይኸው ክስ ኮትና ከረባት አድርጎ ይመጣል፤ «ሚሊኒየል»፣ «ጄን ዚ» ይባላል። ስያሜዎቹ አሜሪካ ተሰፍተው የመጡ ናቸው፤ ልካቸውም የእኛ አይደለም። የእኛ ሚሊኒየም የገባው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ሚሊኒየል የሚባለው የቱ እንደሆነ አሰልጣኙ ራሱ ቢጠየቅ ይቸገራል። በተሰፉበት አገርም ቢሆን ብዙ አልጸኑም። ዴቪድ ኮስታንዛ እና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያካተቱ 20 ጥናቶችን ደምረው ሲመረምሩ፣ በሥራ እርካታም ሆነ መሥሪያ ቤትን በመልቀቅ ፍላጎት በትውልዶች መካከል ያለውን ልዩነት ከመካከለኛ ያልበለጠ፣ በብዙ ቦታ ደግሞ ዜሮ ሊባል የሚችል ሆኖ አገኙት። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎችም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት የትውልድ ስም ለሠራተኛ አስተዳደር መመሪያ እንዳይሆን መክረዋል።

አርሲ ላይ ትውልድ የሚለው ቃል ከዚህ ሁሉ የቆየና የጠለቀ ትርጉም አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ትውልድን በልደት ዓመት አይቆጥርም፤ ልጅ የአባቱን ደረጃ ተከትሎ፣ ከእርሱ 40 ዓመት በኋላ ይገባበታል። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ሥራ አለው፤ ሥልጣኑም በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። ወጣቱ ተራው መቼ እንደሚደርስ ያውቃል፤ ትልቁም መቼ እንደሚለቅ ያውቃል። የዛሬው የቅጥር ገበያ ከዚያ የወረሰው ተራ መጠበቁን ብቻ ነው፤ የርክክቡ ቀን አልተጻፈበትም።

ሌላው አገር በቀል ስያሜ «ቁቤ ትውልድ» ነው። ጥቅምት 1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ከተወሰነ በኋላ በቋንቋቸው የተማሩት ናቸው። ይህ ስም እስከ ዛሬ ወጣት ወጣት ይሸታል፤ ያኔ አንደኛ ክፍል የገቡት ግን አሁን 40 ዓመት አልፏቸዋል፣ ለልጆቻቸው ሥራ የሚያፈላልጉም አሉባቸው። አሰላ ላይ ይህ መለያ በቅጥር ጊዜ በሁለት በኩል ይቆርጣል። የግል ድርጅቱ ከገጠር ወረዳ የመጣውን ልጅ «አማርኛው ይጎድላል» ብሎ ያልፈዋል፤ የክልሉ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከተማ ያደገውን «በቁቤ ደብዳቤ አይጽፍም» ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱም የሚያወሩት በአንድ ወር ፈተና ሊለካ፣ በስድስት ወር ልምምድ ሊሻሻል ስለሚችል የቋንቋ ችሎታ ነው፤ አፋቸው ላይ የሚመጣው ግን የትውልድ ስም ነው። «ቄሮ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ሆኗል። በኦሮምኛ ያላገባ ወጣት ማለት ነው፤ ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. በነበረው ተቃውሞ የክብር ስም ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በተነሣው ሁከት ሻሸመኔና ባቱ ላይ የአሰላው ልጅ የኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴሎች ሳይቀሩ ከተጎዱ በኋላ ግን፣ ለብዙ ባለንብረት ቃሉ የሥጋት ስም ሆነ። የወደመው ለወጣቶችም እንጀራ እንደነበር ማን አስታወሰ?

ወደ ክሶቹ ልመለስ። «አያውቅም» ለሚለው ክስ ቀጣሪው እጁ ላይ ቁጥር አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይህን የሰማ ቀጣሪ «ድሮም ብዬ ነበር» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በዚያው በ2014ቱ ዙር ነው፤ ዋና ዓላማውም ስርቆትን ማስቆም ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ውጤቶች ምን ያህሉ የተማሪው፣ ምን ያህሉ የተሰረቀው መልስ እንደነበር ለይቶ የሚነግረን የለም። የቀድሞው ተማሪ ጎበዝ የነበረ የሚመስለን ምናልባት ሚዛኑ ስለላላ ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ልጆች በኮሮና ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ናቸው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም ተመራቂ ተሰጠ። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ 40.65 በመቶ መሆኑ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ገደማ፣ የግሎቹ 17 በመቶ ገደማ አሳለፉ። ብዙ ሰው ከዚህ ዜና የያዘው የወደቁትን ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ያለፉት ዕጣ ነው። የእነርሱ አለቆች ፈጽሞ ያልተቀመጡበትን ፈተና ወስደው አልፈዋል፤ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ግን «የዚህ ዘመን ዲግሪ» የሚለው ፈገግታ ይጠብቃቸዋል። ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ ራሱን ከቻለ ከአስር ዓመት በላይ የሆነው አርሲ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚያስመርቃቸው የግብርናና የጤና ልጆች በዚህ ፈገግታ ፊት ነው የሚያልፉት።

«ሥራ ይንቃል» የሚለው ክስ ከሦስቱ ሁሉ የከበደ ነው፤ እውነትም አለበት። ዳንኤል ሜይንስ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ጅማ ላይ ስለ ሥራ አጥ ወጣቶች በጻፈው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ ወጣቶቹን ቤት ያስቀመጣቸው ስንፍና ሳይሆን ይሉኝታ መሆኑን ያሳያል፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ልጅ በተወለደበት ሰፈር ሸክም ሲሸከም መታየት ያሳፍረዋል። ፒተር ሰርኒልስም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሰበሰበ መረጃ ሲመረምር የከተማ ወጣት ወንዶች የሥራ አጥነት ጊዜ በአማካይ ወደ አራት ዓመት እንደሚጠጋ፣ ብዙዎቹም የመንግሥት ሥራ ተስፋ አድርገው ተራ እንደሚጠብቁ አገኘ። የመረጃውን ዘመን ልብ ይበሉ። ያኔ ሥራ የናቁት ወጣቶች የዛሬዎቹ አባቶች ናቸው።

ወደ ኋላ ትንሽ ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሥራ ፈላጊ አልነበረም፤ በምደባ ይላክ ነበር። ማስታወቂያ ማሳደድ፣ ሲቪ ማባዛት፣ ተያዥ መለመን አያውቅም። በ1983 ዓ.ም. የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። እንግዲህ «እኛ የተላክንበት ሄደን ሠርተናል» የሚለው አባት እውነቱን ነው፤ የሚረሳው ላኪ እንደነበረው ነው። ለጋ ዕድሜም ድሮ እንቅፋት አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገጠር ወርደው አንድ ዓመት እንዲያገለግሉ የተደረገው በ1957 ዓ.ም. ነው። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን የመሬት አዋጁን እንዲያስረዱ፣ ገበሬውን እንዲያደራጁ፣ ፊደል እንዲያስተምሩ ሲሰማሩ ልምድ የጠየቃቸው የለም። አገር በልጅ እጅ ተሰጥቶ ነበር። ውጤቱ ላይ መከራከር ይቻላል፤ የዚያ ጊዜ ዘማቾች ግን ዛሬ በ24 ዓመት ወጣት እጅ የሱቅ ቁልፍ ለመስጠት ሲያቅማሙ ማየት ግር ያሰኛል።

«ታዲያ ለምን አያርስም?» ይባላል። አርሲ ላይ ይህ ጥያቄ የሚያቆስል ጥያቄ ነው። በስዊድን ድጋፍ በ1960 ዓ.ም. የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ አካባቢውን በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ቀየረው፤ ባለርስቶች ትራክተር ሲያስገቡ ግን ጭሰኛው ተፈናቀለ። ከዚያ የየካቲት 1967 አዋጅ መጣና መሬት ለአራሹ ሆነ። አራሹ ያኔ የነበረው ሰው ነው፤ ልጁና የልጅ ልጁ የሚካፈሉት የእርሱን ጥማድ ነው። አጨዳውን ደግሞ ኮምባይነር ወሰደው። ከኢተያ እስከ በቆጂ በኅዳርና በታኅሣሥ ማሳው ወርቅ በሚሆንበት ጊዜ ድሮ ማጭድ የያዘ ወጣት በቀን ሥራ ኪሱን ይሞላበት ነበር፤ ዛሬ ያ ሥራ በአንድ ጠዋት በማሽን ያልቃል። መሬት የሌለውን ልጅ እርሻ ናቀ ማለት ጫማ የሌለውን ሩጫ ናቀ እንደ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ የእኛ አገር ልጅ ባዶ እግሩንም ቢሮጥ።

ሦስተኛው ክስ፣ «አይቆይም»፣ ጥሩ መረጃ ያለው እርሱ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶችን ይዘው፣ ወደ 1,000 ከሚጠጉ አመልካቾች የሚቀጠረው በዕጣ እንዲለይ አደረጉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚለው ከተቀጠሩት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመቱ ሲያልቅ 77 በመቶው ወጥተዋል። ቀጣሪ እዚህ ድረስ አንብቦ ጽሑፉን ሊያጥፍ ይችላል። ቀጥሎ ያለው ግን፣ ደመወዙ ውጭ ከሚገኘው ብዙም እንደማይሻል፣ የፋብሪካው ሥራም የጤና ችግርን እንዳባባሰ ይናገራል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪፖርት የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ብሎታል። በዚህ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለቤተሰብ ልኮ የሚቆይ ሰው ዕድሜው ስንት ይሁን ቢባል ይሻላል።

ደግሞ ከእነዚሁ የአርሲ ቀበሌዎች ሳዑዲና ቤይሩት የሄዱትን እህቶች እናስብ። እዚህ «ሁለት ወር አትቆይም» የምትባል ልጅ እዚያ ሰው ቤት ተዘግቶባት ውሏን በሙሉ እየሠራች ዓመታት ትቆያለች። ትውልዷ አልተቀየረም። የተቀየረው በወሩ መጨረሻ ወደ ቤት የምትልከው ገንዘብ ነው። (መውጫ ስለሌላት የምትቆይም አለች፤ እርሱ ሌላ ጽሑፍ ይሻል።) በዕድሜ ጉዳይ ደግሞ አንድ የአርሲ ጉድ አለ። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነውና የብዙ ወጣት ዕድሜ መታወቂያ ላይ የተጻፈው ነው። ለዓረብ አገር 18 ያልሞላት ልጅ ዕድሜ ትጨምራለች። በሩጫው በኩል ደግሞ በወጣቶች ውድድር ዕድሜ መቀነስ የቆየ ወቀሳ ነው። በአንድ ወረዳ አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል፤ ቀጣሪ ደግሞ በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ጠባይ ይተነብያል።

ሩጫን ካነሳን አይቀር፣ ከአሰላ የምንማረው ዋና ነገር እዚያው ነው። በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል እዚሁ አሰላ ላይ ነው። ጥሩነሽ በ2003 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበረች። በዚያው ሻምፒዮና የ21 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር ኃይሌን ቀደመው። «ገና ልጅ ነው፣ ልምድ ይቅሰም» ብሎ ያስቀመጠው አልነበረም፤ ሰዓት ነበራ። ሰዓት ባለበት የትውልድ ወሬ አቅም ያጣል። ቀጣሪዎቻችን ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም ወጣቱን የሚጠሉት፤ የሚለኩበት ስለሌላቸው ነው። ሁለት ሰው ቀጥሮ የሚያድር ባለሱቅ አንድ ሌባ ካጋጠመው ይዘጋል፤ መለኪያ ስለሌለው ወሬ ላይ ይደገፋል፣ ተያዥ ላይ ይደገፋል። ተያዥ ደግሞ የሚለካው የልጁን ሥራ ሳይሆን የአባቱን ወዳጅ ብዛት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ግሩም አበበን ጨምሮ የተመራማሪዎች ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን አጭር ሥልጠና ሰጠ፤ ሲቪና ቃለ መጠይቅ ተለማመዱ፣ ችሎታቸውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ከአራት ዓመት በኋላ የእነዚህ ወጣቶች ገቢ ካልሠለጠኑት በ20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ትውልዳቸውን ማንም አልቀየረም። ቀጣሪ ሊያነበው የሚችል ሰዓት ነው የተሰጣቸው።

ሕጉም እንዲህ ያለ ሰዓት አስቀምጧል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን 60 የሥራ ቀናት አድርጎታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የማይሆን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ለቀጣሪ ከዚህ የረከሰ መለኪያ የለም። ብዙዎቹ ግን ከ60 ቀን ሙከራ ይልቅ የሁለት ዓመት ልምድ ይመርጣሉ፤ ልምዱ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው ወጪ ይገኝ እንደማለት። አድልዎን በተመለከተ አዋጁ ብሔርን፣ ፆታን፣ ሃይማኖትን፣ የፖለቲካ አመለካከትን በስም ይጠራል፤ ዕድሜ «ሌላ ሁኔታ» በሚለው ሥር ተሸፍኖ ይቀራል። ኢትዮጵያ በ1966 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111ም ዕድሜን አልዘረዘረም። ያ የመስታወት ማስታወቂያ «ከ18 እስከ 25» ሲል ማንም ዞር ብሎ የማያየው በዚህም ይመስለኛል።

ስለ ልምድ አንድ ነገር ልጨምር፤ በአርሲ ስንዴ በኩል የሚታይ ስለሆነ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት ከ60 ሺህ በላይ የልማት ሠራተኞች አሠልጥኖ በየቀበሌው ሦስት ሦስት ሲመድብ፣ የአርሲ ገበሬ ደጃፍ የ20 ዓመት ልጅ ስለ ዘር ሊያስረዳ መጣ። ገበሬው ማዳበሪያን ከካዱ ዘመን ጀምሮ የሚያውቅ ነው፤ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ግን በ2003 ዓ.ም. ሁሉም ያመነበት የስንዴ ዝርያ፣ ኩብሳ፣ በቢጫ ዋግ በሽታ ተመታ። በምትኩ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል የተባለው ዲጋሉ መጣ፤ እርሱም በ2006 ዓ.ም. በግንድ ዋግ ወደቀ። ዋግ የአምናውን ልምድ አያከብርም። ከቁሉምሳ የምርምር ማዕከል አዲስ ዝርያ ሲወጣ የሃያ ዓመቱ ልጅም የስልሳ ዓመቱ ገበሬም እኩል ዜሮ ዓመት ናቸው።

የወረቀቱ «ዜሮ ዓመት» ግን ሌላ ነው። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ሰልፉ መንገድ ይዘጋል፤ ስለዚህ አንዳንድ ቀጣሪ ማጣሪያ ያበጃል፣ የምረቃ ዓመት ይወስናል፤ ያለፈው ዓመትና የዘንድሮ ተመራቂ ብቻ ያመልክት ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀው፣ እስካሁን ባጃጅ እየነዳ ወይም የእናቱን ሱቅ እየጠበቀ የቆየው የ27 ዓመት ልጅ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ያነባል። ልምድ በሚጠይቀው ወረቀት ላይ ገና ልጅ ነው። ዜሮ ዓመት በሚለው ላይ አርጅቷል።